አስተርጓሚዋ ታማሚ ስትሆን

የሆስፒታል አስተርጓሚ የሚማረው የመጀመሪያው ሕግ «እሷ» አለማለት ነው። ታማሚዋ በአማርኛ «ወገቤን ቆረጠኝ» ካለች፣ እኔ ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ የማቀብለው «ወገቧን ቆረጣት» ብዬ አይደለም፤ «ወገቤን ቆረጠኝ» ብዬ ነው። እኔ ድምፅ ብቻ ነኝ። በዚህ ሕግ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ምጥ ይይዘኛል፣ አራት ተኩል ላይ «ስኳር አለብሽ» እባላለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሰባ ዓመት አዛውንት ሆኜ ስለ ሽንቴ አወራለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ የሁሉንም «እኔ» ደጅ ትቼ ነው። የሥራዬ ግማሹ መናገር ከሆነ ግማሹ መርሳት ነው። ስለዚህ እዚህ ውስጥ የሌላ ሰው ገመና የለም። ያለው የራሴ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዛሬ አራት ዓመት በኅዳር ወር፣ ዝናብ በሚጥልበት ምሽት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት አቁሞኝ ሳለ ከኋላ የመጣ መኪና ገጨኝ። ቀላል ግጭት ነበር፤ ሁለታችንም ወርደን የኢንሹራንስ ካርዳችንን በስልክ ፎቶ አንስተን ተለያየን። በማግስቱ ግን ከአልጋ የወረድኩት ባለቤቴ ሁለት እጄን ይዞ ጎትቶ አንስቶኝ ነው። ሕመሙ ከወገቤ ይነሳና በቀኝ ዳሌዬ በኩል ወደ ጭኔ ይወርዳል። ያልፋል ብዬ ጠበቅሁ። ኪኒን ዋጥኩ፣ መርፌ ተወጋሁ፣ ፊዚዮቴራፒ ተመላለስኩ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ በሰው የላከችልኝን ጠበል ጠጣሁ። ሦስት ወር አለፈ፤ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም የሚሉት ከዚያ ወዲያ የሚቆየውን ነው። ዓመት ሲሞላው ሕመሙ ብቻውን አልነበረም። እንቅልፍ አጣሁ፣ በረባ ባልረባው ልጆቼ ላይ መጮህ ጀመርኩ፣ ቅዳሜ ቡና አፍልቼ ጎረቤት መጥራት ተውኩ።

ለማንም ያልነገርኩት ደግሞ ነበረ። ባለቤቴ ሲቀርበኝ ሰውነቴ ይገተራል። ስንገናኝ እንደ ምላጭ ያለ ነገር ያቃጥለኛል። ሁለት ሦስቴ ጥርሴን ነክሼ አሳለፍኩት፤ ከዚያ ሰበብ መፈለግ ያዝኩ። መጀመሪያ ወገቤ ነበር። ቀጥሎ ሁዳዴ ገባልኝና ሃምሳ አምስት ቀን አረፍኩ። ፋሲካ ሲደርስ ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ጨነቀኝ። ከዚያ በኋላ የጾም አክባሪነቴ ባሰ፤ ረቡዕና ዓርቡ፣ የሐዋርያቱ፣ ፍልሰታው፣ ድሮ ጾሜው የማላውቀው ጽጌ ሳይቀር። «ዘንድሮስ መነኮስሽ» አለኝ ባለቤቴ እየሳቀ። የጥርስ ሳቅ ነበር።

ከ27 አሥራ አራት

የግል ሐኪሜ አንድ ቀን ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። ፈገግ አልኩ። ያ ወረቀት የድብርት መለኪያ ነው፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ…» ብሎ ይጀምርና ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ድካም፣ በመጨረሻም ሞትን ስለመመኘት ይጠይቃል። የአማርኛ ትርጉሙ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። እኔ ለስንት ሰው እንዳነበብኩት ቁጥሩን አላውቀውም፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። የዚያን ቀን ግን «ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ ማጣት» የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ደምሬ ከ27 አሥራ አራት አገኘሁ። ትምህርት ቤት ቢሆን ማለፊያ ነው። እዚህ መካከለኛ ድብርት ይሉታል።

ሐኪሜ ሦስቱን ነገር፣ ማለት ሕመሙን፣ ድብርቱንና የአልጋውን ጉዳይ አንድ ላይ የምታይ ቴራፒስት አለች አለችኝ፤ የምትሠራውም በቪዲዮ ነው። እኔን ያሳመነኝ ይኼ የመጨረሻው ነው። በምኖርበት ሰፈር ሐበሻ የሌለበት መጠበቂያ ክፍል የለም። በዚያ ላይ ግማሾቹ በድምፄ ያውቁኛል። «አስተርጓሚ ሆነሽ መጣሽ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ?

ከቤት መነጋገር ግን አልሆነም። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው፤ ግድግዳው ሳል ያሳልፋል። ስለዚህ መኪናዬን መረጥኩ። ሐሙስ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሁለት ቀጠሮ መሃል፣ የፓርኪንግ ሕንፃው የላይኛው ፎቅ ላይ አቆማለሁ። እዚያ ኔትወርክ አይቆራረጥም፣ ሰውም አይወጣም። ስልኬን መሪው ላይ አስደግፌ፣ ሄድፎን ሰክቼ፣ ከወገቤ ኋላ የልጄን ትራስ አደርጋለሁ። አንዳንድ ሰው ለንስሐ አባቱ የሚሰጠውን ሰዓት እኔ ለቶዮታዬ ሰጠሁ።

ቴራፒስቷ በየሳምንቱ የምትጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «አሁን የት ነሽ?» አድራሻውን ከነመንገዱ ትጽፈዋለች። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው አደጋ ቢደርስብኝ፣ ራሴን ብስት ወይም ራሴን ልጉዳ ብል፣ አምቡላንስ የት እንደምትልክ ማወቅ አለባት። ሁለተኛው ፈቃድ ነው። በአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈቃድ የሚታየው ታካሚው በዚያ ሰዓት በተቀመጠበት ግዛት ነው። አንድ ሐሙስ ለሥራ ወንዙን ተሻግሬ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቆሜ ደወልኩላት። እሷ የቨርጂኒያ ፈቃድ ስላልነበራት ይቅርታ ጠይቃ ለሌላ ቀን ቀጠረችኝ። ለካ ኢንተርኔት ድንበር የለውም የሚባለው ለፊልም ነው፤ ሕክምና ወንዝ አይሻገርም።

በቪዲዮ መታከም አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኔብራስካ ውስጥ ያሉ የአእምሮ ሐኪሞች ከታካሚዎች ጋር በሁለት አቅጣጫ ቴሌቪዥን መገናኘት የጀመሩት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ወደ ተራው ሰው ስልክ የገባው ግን በ2020 ነው፤ ኮሮና ክሊኒኮችን ሲዘጋ ሕጉ ላላ፣ ኢንሹራንሶችም ለቪዲዮ ቀጠሮ በሰፊው መክፈል ጀመሩ።

«በቋንቋሽ ምን ይባላል?»

በመጀመሪያው ቀን አርባ ደቂቃ ያለ ማቋረጥ አወራሁ። እንግሊዝኛዬ ቀጥ ያለ ነው፤ የሕክምናው ቃል ሁሉ አለኝ። የአደጋውን ቀን፣ የኤም አር አዩን ውጤት፣ የኪኒኑን ሚሊግራም፣ የግንኙነቱን ሕመም ሳይቀር እንደ ሪፖርት ደረደርኩት። ጨርሼ ዝም አልኩ። ዝምታው ሲረዝም የምን እንደሆነ ገባኝ፦ ታማሚዋ እስክትመልስ እየጠበቅሁ ነበር።

ቴራፒስቷም አይታዋለች። «ስለ ሌላ ሰው የምትነግሪኝ ይመስላል» አለችና «ይኼን በቋንቋሽ ምን ትይዋለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ያመኛል» አልኩ በአማርኛ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ ጉሮሮዬን ያዘኝ።

በኋላ ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ሆነልኝ። «ወሲብ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ስናገር የእናቴ ፊት ይመጣብኛል። በእንግሊዝኛ ስለው ማንም አይመጣም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አላፍርም፤ ስለማላፍር ደግሞ አይሰማኝም። ባዕድ ቋንቋ እንደ ጓንት ነው፤ የጋለውን ድስት ለማንሳት ይበጃል፣ ሙቀቱን ግን አይነግርም። ከዚያን ቀን ወዲህ ስምምነታችን ይኼ ሆነ፦ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ እላለሁ፣ ቴራፒስቷ ባይገባትም ታዳምጣለች፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ አስረዳታለሁ።

«ያመኛል» የሚለውን ራሱን አስረዳኋት። በእንግሊዝኛ ሰው «እኔ ድብርታም ነኝ» ይላል። እኛ «ከፋኝ» እንላለን፤ ጨነቀኝ፣ ደከመኝ፣ ሰለቸኝ፣ አመመኝ። በእነዚህ ቃላት ውስጥ አድራጊው ሌላ ነው፣ እኔ የተደረገብኝ ነኝ። የከፋው ነገር እኔ አይደለሁም፤ እኔ ላይ ነው የመጣው። ቴራፒስቷ ሳቀች። ሕመምተኛን «አንቺ ሕመምሽ አይደለሽም» ብሎ ለማሳመን ወራት የሚፈጅ ሥልጠና እንዳለ፣ እኔ ግን ሰዋስዉን ከእናቴ ወተት ጋር ጠጥቼው እንደመጣሁ ነገረችኝ።

ሮናልድ ሜልዛክ የተባለ የሞንትሪያል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1975 ታማሚዎች ሕመማቸውን የሚገልጽ ቃል የሚመርጡበት መጠይቅ አውጥቷል፤ 78 ቃላት በ20 ክፍል ተመድበውበታል። ቴራፒስቷ የኔን በአማርኛ ጻፊው አለችኝ። ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይጨመድደኛል። ጽፌ ስጨርስ አንድ ነገር አየሁ። ወገቤ ሲደክመኝ ይቆረጥመኛል፤ የሚነዝረኝ ግን ከባለቤቴ ጋር የተኮራረፍን ቀን ነው። ለሁለት ዓመት «ሕመሙ» ስለው የኖርኩት አንድ ነገር አልነበረም።

የደነገጠ የግቢ ውሻ

እስከዚያ ድረስ ስለ ወገቤ የማምነው ከኤም አር አይ ወረቀቱ ያገኘሁትን ነበር፦ «ዲስኩ ወጣ ብሏል»። ወጣ ያለ ዲስክ ይዤ ጎንበስ ካልኩ ይበጠሳል ብዬ ልብስ እንኳ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነበር የማነሳው። በ2015 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ግን ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ፎቶ ሰብስቦ ሲያይ፣ ከሃያ ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከሰማንያ ዓመት አዛውንቶች 84 በመቶው ወጣ ያለ ዲስክ አላቸው። ብዙውን ጊዜ እንደ ሽበት ነው።

ታዲያ ለምን ያመኛል? የውሸት ነው ማለት ነው? አይደለም። ይኼው ሜልዛክ ከፓትሪክ ዎል ጋር በ1965 ያሳተመው ሐሳብ የሕመም ሳይንስን ቀይሮታል። ከሰውነት የሚነሳው መልእክት በቀጥታ አንጎል አይደርስም፤ አከርካሪያችን ውስጥ እንደ በር ያለ ነገር አለ። ፍርሃት፣ ሐሳብ፣ ድካም በሩን ይከፍቱታል፤ እርጋታና ሌላ ነገር ላይ ማተኮር ያጠቡታል። ሕመም ሲቆይ ደግሞ ነርቮቹ ራሳቸው ይሳላሉ፤ ቀድሞ የማያም ነገር ማመም ይጀምራል። እኔ የገባኝ በአያቴ ግቢ ውሻ ነው። አንድ ሌሊት ሌባ ገብቶ ካስደነገጠው በኋላ ፖስተኛውንም፣ ቄሱንም፣ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮኻል። ሌባው ከሄደ ቆይቷል። የውሻው ጩኸት ግን እውነተኛ ጩኸት ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳም እሱ ነው።

የኔ ውሻ ሲጮህ እፈራለሁ፤ ስፈራ ሰውነቴ ይገተራል፤ የተገተረ ጡንቻ ያማል፤ ሲያመኝ አልተኛም፤ ካልተኛሁ ይከፋኛል፤ ሲከፋኝ ባለቤቴ እንዳይቀርበኝ ፊቴን አዞራለሁ። ሦስት በሽታ ሳይሆን አንድ ቋጠሮ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2017 ባወጣው መመሪያ ለማይለቅ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት አስቀድመው ይሞከሩ ካላቸው መካከል የሰውነት እንቅስቃሴና የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና የሚባለው የንግግር ሕክምና ይገኙበታል።

«ንግግር ወገብ ያድናል?» ብላ እህቴ ስቃብኛለች። ንግግር ብቻ አልነበረም። የቤት ሥራ ነበረው፣ አሰልቺ የቤት ሥራ። በደህናዬ ቀን ሃያ እንጀራ ሳልቀመጥ ጋግሬ፣ ልብስ አጥቤ፣ ቤት ጠርጌ፣ ከዚያ ሦስት ቀን እተኛ ነበር። ቴራፒስቷ ይኼን ከለከለችኝ። ቢያመኝም ባያመኝም በቀን ሰባት ደቂቃ መራመድ፤ በሳምንቱ አንድ ደቂቃ መጨመር። ምጣዱን አሥር እንጀራ ላይ ማጥፋት፣ ሊጡ ቢቀርም። ሲያመኝ በአእምሮዬ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር መጻፍ፦ «ጎንበስ ካልኩ ሽባ እሆናለሁ»። ከሥሩ ማስረጃውን መጻፍ። ማስረጃ ስፈልግ አላገኘሁም። በአምስተኛው ሳምንት ከወለል ላይ የልጄን ካልሲ ጎንበስ ብዬ አነሳሁና ቆሜ ካልሲውን አየሁት።

ስክሪኑ የማያየው

ስለ አልጋው ጉዳይ ቴራፒስቷ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አለማከም ነው። «ይኼን በስክሪን ማየት አልችልም» ብላ ወደ ማህፀን ሐኪም ላከችኝ። ትክክል ነበረች። በግንኙነት ጊዜ የሚያም ሕመም ከኢንፌክሽን፣ ከሆርሞን መቀነስ፣ ከእጢ፣ ከጠባሳ ሊመጣ ይችላል፤ ያ ሳይታይ ስለ ስሜት ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ሐኪሟ «በልጅነትሽ ተገርዘሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄውን ስንት ጊዜ ተርጉሜዋለሁ። መልሱን በራሴ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር። አዎ። በ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል፤ ስለዚህ ብዙ እህቶቼ ይኼን ጥያቄ አንድ ቀን ይጠየቃሉ። ሐኪሟ ጠባሳው ብቻውን ሁሉንም እንደማያስረዳ፣ የዳሌዬ ወለል ጡንቻዎች ግን እንደ ጡጫ እንደተጨበጡ ነገረችኝ። ሰውነት ይጎዳኛል ብሎ ሲጠብቅ አስቀድሞ ይጨብጣል፤ ዓይን አቧራ ሲመጣ እንደሚጨፈን። የዳሌ ጡንቻ ፊዚዮቴራፒ በአካል እየሄድኩ ስምንት ጊዜ ተሠራልኝ።

ሌላም ነገር ወጣ። ለድብርቱ የታዘዘልኝ ኪኒን የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንስ ይችላል። ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ምናልባት ነግረውኝ ለሌላ ሰው የሚባል መስሎኝ ይሆናል። በራሴ ማቋረጥ እንደሌለብኝ ተነግሮኝ ሐኪሜ መጠኑን አስተካከለችው። ለወንዶችም ይኼው ነው፤ ስንፈተ ወሲብ የሚባለው ብዙ ጊዜ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የደም ሥር ችግር የመጀመሪያ ምልክት ስለሆነ፣ ከቴራፒም ከሱቅ ኪኒንም በፊት ደም መመርመር ይቀድማል።

ከዚያ በኋላ ነው የኛ ሥራ የመጣው። ማስተርስና ጆንሰን የተባሉ የሴንት ሉዊስ ተመራማሪዎች በ1970 መጽሐፋቸው ላይ ያስተዋወቁት ዘዴ አለ። ባልና ሚስት ለተወሰኑ ሳምንታት መገናኘት ይከለከላሉ። የሚፈቀደው በየተራ መዳሰስ ነው፤ መጀመሪያ እጅ፣ ጀርባ፣ ፊት፤ ጡትና ብልት አይነካም። ዓላማው ማስደሰት አይደለም፤ ሙቀቱን፣ ልስላሴውን፣ ክብደቱን ማስተዋል ብቻ ነው። መጨረሻው ምን ይሆን የሚለው ፍርሃት ሲወገድ ሰውነት ጡጫውን ይፈታል። ለባለቤቴ ስነግረው ለረጅም ጊዜ አየኝና «ታዲያ ይኼ ጾም አይደለም እንዴ?» አለ። ጾም ነው። ልዩነቱ በዚህኛው ጾም መደበቂያ የለም።

ከራሴ ስህተት የተማርኩት

ወዳጆቼ ሲጠይቁኝ የምላቸው ይኼን ነው። ከዚህች ቴራፒስት በፊት ከማስታወቂያ ላይ ያገኘሁትን አንድ አፕ ሞክሬ ነበር። ከመመዝገቤ በፊት ስለ መኝታ ቤቴ ሃያ ጥያቄ መለስኩለት፤ ባለሙያዋን ያገኘኋት ግን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው፣ ሙሉ ስሟንና የፈቃድ ቁጥሯን ስጠይቃት አልመለሰችልኝም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይኼን አይደብቅም፤ ቁጥሩን በግዛቱ የፈቃድ ሰጪ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በሁለት ደቂቃ ማረጋገጥ ይቻላል። በወሲብ ጉዳይ ላይ የተለየ ሥልጠና ያላቸውን የሚመሰክር የሙያ ማኅበርም ከ1967 ጀምሮ በአሜሪካ አለ። የወሲብ ቴራፒ ንግግር ነው፤ ልብስ አውልቂ፣ ፎቶ ላኪ፣ ካሜራ ላይ አሳዪኝ የሚል ሰው ቴራፒስት አይደለም።

ምሥጢሩንም ጠይቁ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2023 ቤተርሄልፕ የተባለውን ትልቅ የኦንላይን ቴራፒ ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ብሎ ለፌስቡክና ለስናፕቻት አሳልፏል ሲል ከሰሰው፤ ኩባንያው 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ መረጃዬን ለማን ትሰጣላችሁ፣ ቪዲዮው ይቀረጻል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዋጋውንም አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል፤ እኔ በኢንሹራንሴ በአንድ ቀጠሮ 30 ዶላር እከፍላለሁ፣ ኢንሹራንስ ከሌለ ግን አንዱ ሰዓት ከመቶ ዶላር በላይ ነው።

ስክሪን የማይበቃበት ቦታም አለ። ወገቡን የሚያመው ሰው መቀመጫውና ጭኑ መሃል ከደነዘዘበት፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ራሱን ለመግደል የሚያስብ ሰው ሐሙስን አይጠብቅም፤ በአሜሪካ 988 ስልክ ቀንም ሌሊትም መልስ ይሰጣል፣ «አማርኛ» ካሉ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። የሚዘጋ በር የሌለው ሰውም አለ፦ ደብዳቢ ባል አጠገቧ የተቀመጠባት ሚስት፣ አሠሪዋ ስልኳን የምትፈትሽባት የቤት ሠራተኛ። ለእነሱ ቪዲዮ ከጥቅሙ አደጋው ሊበልጥ ስለሚችል መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው አስተማማኝ ቦታ ነው።

ሦስት ድምፅ

በአሥራ አራተኛው ሳምንት ቴራፒስቷ ባለቤቴን ጠራችው። እሱ ሹፌር ነው፤ ቀኑን የሚያሳልፈው ደለስ ኤርፖርት የሾፌሮች መጠበቂያ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው ለመንገድና ለመንገደኛ ይበቃል፣ ለሆድ ነገር ግን አይበቃም። «እኔ አስተረጉምለታለሁ» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ነበር ስህተቱ የገባኝ። ዘመድ ለዘመድ አያስተረጉምም፤ ለሰው ሁሉ የምነግረው እኔ ነኝ። ቴራፒስቷ የምትሠራበት ክሊኒክ የፌዴራል ገንዘብ ስለሚቀበል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቴራፒስቷ መስመር ከፈተች።

የአንዲት ሴት ድምፅ ገባ። «የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። የሚነገረው ሁሉ ይተረጎማል፤ በምሥጢርም ይጠበቃል።» ይኼን ዓረፍተ ነገር በቀን ስምንት ጊዜ እላለሁ፤ እንደ ሊፍት በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ነበር ለእኔ። የዚያን ቀን እያንዳንዱን ቃል ቆጠርኩት። ታውቀኝ ይሆን? በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ትሳለም ይሆን? ማንን ታውቃለች? ታካሚዎቼ ሁሉ በእኔ ድምፅ ላይ ይኼን ሲያሰሉ እንደኖሩ በዚያች ቅጽበት ገባኝ።

እኔ በመኪናዬ፣ እሱ በመኪናው፣ ቴራፒስቷ በቤቷ፣ አስተርጓሚዋ የት እንዳለች እግዜር ይወቅ። ቴራፒስቷ ባለቤቴን «በእነዚህ ሁለት ዓመታት ለአንተ እንዴት ነበር?» አለችው። መስታወቱን ዘግቶ ለብዙ ጊዜ ዝም አለ።

«ጠልታኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ከዚያ ደግሞ የምነካት ሁሉ የሚያማት መሰለኝ። እጄን ፈራሁት።»

አስተርጓሚዋ በእንግሊዝኛ «የገዛ እጄን ፈራሁት» አለች። ባለቤቴ በሴት ድምፅ «እኔ» ሲል ሰማሁ። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ፤ ይኼን በአንድ ትራስ ላይ ሆኖ አልነገረኝም። ሠላሳ ማይል ርቆ፣ የሁለት ሰው ዓይንና ጆሮ መሃል ሆኖ ነገረኝ። ቅርበት ያፈነውን ርቀት ያወጣዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቴራፒስቷ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ መልሺለት አለችኝ፣ በአማርኛ።

«ያመኛል» አልኩት። «ያመመኝ ግን እጅህ አይደለም።»

አስተርጓሚዋ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየች። ያቺን ግማሽ ሰከንድ አውቃታለሁ፤ ቃሉ ጠፍቶ አይደለም፣ ድምፅ እስኪስተካከል ነው። ልረዳት ፈልጌ ምላሴን ነከስኩ። ከዚያ «እኔ» ብላ ጀመረች።

ወገቤ ዛሬም ያመኛል። ድሮ ከአሥር ስምንት እለው የነበረው አሁን ብዙውን ቀን አራት ነው፤ በዝናብ ቀን ስድስት። የድብርቱ ወረቀት ላይ ባለፈው ወር አምስት አገኘሁ። ከባለቤቴ ጋር ጾማችንን ፈትተናል፤ ዝርዝሩ የሁለታችን ነው።

የዚያን ሐሙስ ቀጠሮው ሲያልቅ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር። ፊቴን በእርጥብ ሶፍት ጠረግኩ፤ ሰባት ተኩል ላይ ታማሚ ይጠብቀኝ ነበር። መስመሩ ሲከፈት የአንዲት እናት ትንፋሽ ይሰማል፣ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። «የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ» አልኩ። «የሚነገረው ሁሉ ይተረጎማል፤ በምሥጢርም ይጠበቃል።» ቀስ ብዬ አልኩት።